«ይውደቅ ኡስታዝ፣ እናነሳዋለን»

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ከዐስር ሰላት በኋላ መስጂዱ ደጃፍ ላይ ጫማችንን ስናጠልቅ ልጆች የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ ወጣት ማዕከል ሄዶ ሰርከስ መማር ይፈቀዳል?» ይላሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ብትጠይቁን ኖሮ መልሳችን አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተዉት!» ብለን እናልፍ ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄውን ስንሰማ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊታችን ላይ ድቅን ይላል። የእርሱን ነገር ሳንናገር መልስ መስጠት ስለማንችል ታሪኩን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ።

እኛ የሰፈራችን መስጂድ ኢማም ረዳቶች ነን፤ ሁለት ነን። ሸኻችን ሲደክማቸው እናሰግዳለን፤ ከመግሪብ እስከ ኢሻእ ደግሞ ልጆች እናስቀራለን። እኛም ራሳችን በዚያው መድረሳ ለውሕ ይዘን ያደግን ነን። ይህን የሚጽፈው የአንዳችን እጅ ቢሆንም ጥፋቱም ትምህርቱም የሁለታችን ነው፤ አርጩሜዋም የጋራችን ነበረች።

አዎ፣ አርጩሜ ነበረችን። ልጅ ቁርኣን ሲያሰማ አንድ ስህተት ከሠራ መዳፉ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ከሠራ ሁለት ጊዜ። ሦስት ከሞላ አዲስ ትምህርት አይወስድም፤ ከወረፋው መጨረሻ ሄዶ ይቀመጣል። እኛም እንዲሁ ተደርገን ነው የቀራነው፤ ሌላ መንገድ መኖሩን ጠይቀን አናውቅም።

ያ ልጅ ብቻውን ሲሆን አሳምሮ ይቀራል። ድምፁ ያምራል፣ ማሻአላህ። ፊታችን ሲቀመጥ ግን ዐይኑ አርጩሜዋ ላይ ይተከላል፤ ምላሱ ይተሳሰራል። ትናንት ያወቀውን አያህ ዛሬ ያጣዋል። እኛ «ሙራጀዓ አላደረግክም» እንለዋለን። እርሱ ዝም ይላል። አንድ ቀን አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም። ሳምንት ሲሞላ እናቱን ገበያ መንገድ ላይ አገኘናትና ጠየቅናት።

«ወጣት ማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት ነው የሚውለው፣ ኡስታዝ» አለችን።

ደስ አለን። መጽሐፍ እያነበበ ከሆነ ምን ችግር አለው አልን። በኋላ ነው ሌሎቹ ልጆች ሳቅ እያሉ ሙሉውን የነገሩን፤ ከንባቡ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰርከስ ይለማመዳል። ሦስት ኳስ በአንድ ጊዜ ወርውሮ ይቀልባል። «የቁርኣን ልጅ አዝማሪ ሊሆን ነው!» ብለን ደማችን ፈላ። ሳንጠይቅ፣ ሳናይ፣ ፈረድን። ቅዳሜ ዐስርን ሰግደን ልጁን ልናወጣው ተነሣን።

አዳራሹ ስንደርስ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ግድግዳው ፊት ለፊት ተደርድረው ቆመዋል። ግድግዳው ፊት የሚቆሙት ኳሱ ወደ ፊት እንዳያመልጣቸው ነው። ኳስ የምንለውም በሱቅ የተገዛ አይደለም፤ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ማሽላ ሞልተው ልጆቹ ራሳቸው የሰፉት ነው። እህል የተሞላ ካልሲ ሲወድቅ አይነጥርም፣ አይንከባለልም፤ ባለበት ዝፍ ብሎ ይቀራል። አሰልጣኙ ሃያዎቹን ያላለፈ ወጣት ነው፤ ሙስሊም አይደለም። ሲያየን ቁጣችን ከፊታችን ላይ ይነበብ ነበር መሰለኝ ብሎ ያሰበ ይመስላል፤ በአክብሮት ወንበር አቀረበልን። ልምምዱን ግን አላቋረጠም።

ከዚያ ያዘዘው ነገር ገረመን። ልጆቹን «ወርውሩ፣ ወርውሩ፣ ይውደቅ፣ ይውደቅ!» አላቸው። በየእጃቸው አንድ አንድ ኳስ ይዘዋል። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ በዐይን ከፍታ ይወረውራሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አውርደው ሁለቱም መሬት እስኪወድቁ ይመለከታሉ። መቅለብ ክልክል ነው! ኳሶቹ የወደቁበትን ቦታ አይተው ውርወራቸውን ያስተካክላሉ። አዳራሹ በ«ዷ፣ ዷ» ድምፅ ተሞላ። ማንም አላፈረም፤ ማንም በማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ጥለዋልና።

የኛን ልጅ ከመካከላቸው ፈለግነው። ጥግ ላይ ከእርሱ ያነሰ ልጅ ያስተምራል። ያ ፊታችን አንገቱን የሚሰብር ልጅ ጎንበስ ቀና እያለ ይስቃል። ሃምሳ ጊዜ ይጥላል፣ ሃምሳ ጊዜ ያነሣል። እንዲህ ሲስቅ አይተነው አናውቅም ነበር።

ሲያየን ሳቁ ጠፋ። እጁ ላይ የነበረው ኳስ ወደቀ፤ ሊያነሣው እንኳ አልደፈረም። ወንድሞችና እህቶች፣ ያቺን ቅጽበት አንረሳትም። አርጩሜዋ መስጂድ ቀርታለች፤ እኛን ማየቱ ብቻ በቃው።

አሰልጣኙ ነገሩን አስተዋለ መሰለን፣ ሦስት ሦስት ኳስ አቀበለንና «ኡስታዞች፣ እስቲ ሞክሩት» አለ። እምቢ ማለት አሳፈረን። ልጁን ጠርቶ «አንተ አሳያቸው» አለው። ልጁ እየፈራ ቀረበ። መጀመሪያ አንድ ኳስ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ በቅስት እንድንወረውር ነገረን። ቀጥሎ ሁለት፤ የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ያኔ ሁለተኛው ይለቀቃል። እኛ ግን ሁለተኛውን ኳስ በመወርወር ፋንታ ወደ ሌላው እጅ እናቀብለዋለን፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ይሄ ነው አለን። «እጃችሁን አትዩ፤ ኳሱ የሚደርስበትን ጫፍ እዩ» አለን። ጣልን። ደገምን፤ ጣልን። ጀለቢያ ለብሰን ሠላሳ ልጅ ፊት ካልሲ ስንለቅም ላባችን መጣ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፋችንን ስንከፍት ልጁ ቀደመን፦

«ችግር የለም፤ ይውደቅ ኡስታዝ፣ እናነሳዋለን።»

ጎንበስ ብሎም አነሣልን።

ያን ቀን ልጁን ሳናወጣው ተመለስን። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። ይህ ልጅ ፊታችን ስንት ጊዜ ጣለ? አንድ ጊዜ እንኳ «እናነሳዋለን» ብለነው እናውቃለን?

በቀጣዮቹ ሳምንታት ነገሩን ለመረዳት ተመላለስን። የፕሮግራሙ ደንብ ቀላል ነው። አዳራሽ ለመግባት መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሰዓት ማንበብ ግድ ነው። አሰልጣኙም ልጆቹን መልሶ ወደ መደርደሪያው ይልካቸዋል። ለምሳሌ ኳስ አየር ላይ ሁለት እጥፍ ጊዜ እንዲቆይ ከፈለግክ ሁለት እጥፍ ከፍ አድርጎ መወርወር አይበቃም፤ አራት እጥፍ ከፍታ ይፈልጋል። «ለምን?» ብለው ሲጠይቁት «ፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ አለ» ይላቸዋል። በሦስት ኳስ የሚቸገር ልጅ ስለ መሬት ስበት ለማንበብ ሲሽቀዳደም በዐይናችን አየን።

ይህ የኛ ከተማ ብልሃት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በክረምት ወራት የልጆች የንባብ ፕሮግራም ያዘጋጃሉ፤ ኳስ የሚቀልቡ ባለሙያዎችንም ይጋብዛሉ። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን «ልጆቹ ኳሱን ሊያዩ ሄደው መጽሐፍ ተውሰው ይመለሳሉ» ብለውናል።

ትምህርቱ ከአእምሮ ጋር ያለው ነገርም የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ከ24 ሰዎች መካከል ግማሾቹ ለሦስት ወር ሦስት ኳስ መቅለብ ተለማመዱ። አእምሯቸው በመሣሪያ ሲነሣ የሚንቀሳቀስ ነገርን ከማየት ጋር የተያያዘው ክፍል ጨምሮ ተገኘ። ልምምዱን ካቆሙ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ጭማሪው ቀነሰ። ይህን ስናነብ ሒፍዝ ትዝ አለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቁርኣንን ሰው በገመድ ከታሰረ ግመል ባለቤት ጋር ያመሳሰሉበትን ሐዲስ የማያውቅ ሐፊዝ የለም፤ ካልተጠባበቁት ይሄዳል። መደጋገም የአላህ ሱና ነው፤ በእጅም በልብም።

ክሎድ ሻነንን የኮምፒውተር ተማሪዎች ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 ዛሬ ስልካችን ሁሉ የሚሠራበትን የኢንፎርሜሽን ቲዎሪ መሠረት ያኖረ የሒሳብ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በሚሠራበት ቤል ላብስ ኮሪደር ላይ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት እየነዳ ኳስ ይቀልብ ነበር። የእጁን፣ የኳሱንና የጊዜውን ግንኙነት የሚገልጽ ቀመርም አውጥቷል። ስለዚህ «የሰነፍ ሥራ ነው» የምንለው ነገር የሒሳብ ሊቅ ያሰበበት ነው ማለት ነው።

ለነገሩ እኛ ቤትስ አዲስ ነው እንዴ? እህቶቻችን በጠጠር ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ ያላደገ ማን አለ? ጠጠሩን ወደ ላይ ጥለው፣ መሬት ያለውን ለቅመው፣ የወረወሩትን መልሰው ይቀልባሉ። ሰርከሱም ቢሆን ሀገራችን ከገባ ቆይቷል። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ጅማን ወደመሳሰሉ ከተሞች ተዛምቷል፤ ልጆቹም በትርዒታቸው ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እየሄደ የታመሙ ሕፃናትን ያስቃል። በሙስሊም ሀገሮችም እንዲሁ ነው። ካቡል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የሕፃናት ሰርከስ ጦርነት ያየ ልጅን ኳስ መቅለብ እያስተማረ ከተቀበረ ፈንጂ እንዴት እንደሚጠበቅም ያስተምር ነበር። ፍልስጤም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ረመላህ ላይ የተከፈተ የሰርከስ ትምህርት ቤት አለ። በቱርክ ማርዲን ከተማም የሶሪያ ስደተኛ ልጆች ከሀገሬው ልጆች ጋር አብረው ይለማመዳሉ። ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ኳስ ወድቆ ሊነሣ እንደሚችል ማየት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ይፈቀዳል ወይ?

እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ ስለዚህ ሸኻችን ዘንድ ሄድን። ያየነውን ሁሉ ነገርናቸው፤ ካልሲ መልቀማችንን ጭምር። ሳቁ። ከዚያ በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ የነበረውን አስታወሱን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ጀርባ ሆና አይታለች፤ ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ጠጠር ሲያነሡ ነቢዩ እንዲተዋቸው ነግረዋቸዋል፤ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። «ዑለማዎች ያ ጨዋታ ለጦር ልምምድም ይጠቅም ነበር ብለዋል፤ ስለዚህ ጨዋታን ሁሉ በእርሱ አትለኩት» አሉን። ቀጥለውም «ሐበሻ ሆናችሁ ግን ሳታዩ አትከልክሉ» ብለው ሦስት ጥያቄ ሰጡን። ሰላት ያስቀራል? ዐውራ ያጋልጣል? ልጁን ይጎዳዋል?

በሦስቱ ጥያቄዎች ወደ ማዕከሉ ተመለስን። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር ልክ አልነበረም። ልምምዱ አንዳንዴ መግሪብን ያልፍ ነበር። ለትርዒት የተዘጋጀው ልብስ የተጣበቀ ነበር። መገለባበጥ የሚለማመዱት ልጆች አንዳንዴ ያለ ፍራሽ በሲሚንቶ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ይህ አንገት የሚሰብር ነገር ነው። ተነጋገርን። አሰልጣኙ «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ» አለ። የሰላት ሰዓት ጽፈን ሰጠነው፤ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ልምምዱ ከመግሪብ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ያበቃል። ልጆቹ ሰፊ ሱሪና ቲሸርት ይለብሳሉ። ፍራሽ ሳይዘረጋ መገለባበጥ ቀረ። ሴት ልጆች ደግሞ እሁድ ጠዋት በቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ለብቻቸው ከሴት አሰልጣኝ ጋር ኳስ ይለማመዳሉ፤ በቅልብልቦሽ ያደጉ ስለሆኑ ከወንዶቹ ቀድመው ሦስት ኳስ መያዛቸውን ስንነግራችሁ ወንዶቹ እንዳትቀየሙን። የትርዒት ሙዚቃውን ጉዳይ ገና አልጨረስነውም፤ በሙዚቃው ትርዒት የማይሳተፉ ልጆች በልምምዱ ብቻ እንዲቆዩ ተስማምተናል።

ማዕከሉ ይህን ያህል ሲስተካከል እኛስ? ትልቁ ሥራ እዚያ ነበር።

አርጩሜዋን ሰብረን ጣልናት። ቀላል ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት እጃችን ባዶ ሆኖ የምንይዘው ጠፋን። አንዳንድ ወላጅም «ልጁ ሊባልግ ነው» ብሎ ተቆጥቶናል። አሁን ልጅ ሲሳሳት አያህውን ከእርሱ ጋር ደግመን እንቀራለን፤ ሦስት ጊዜ ከሳተ ከወረፋው መጨረሻ መሄዱ ቀርቶ አጠገባችን ይቀመጣል። አዲስ ሱራ ስንጀምር በመጀመሪያው ቀን ስህተት አንቆጥርም። በዚያ ቀን ሁሉም ይጥላል፤ የት እንደወደቀ እናያለን። ዝም ይሉ የነበሩ ሦስት ልጆች አሁን «እኔ ላሰማ» ብለው እጅ ያወጣሉ። ከዚህ በላይ ተአምር አልተፈጠረም፤ አሁንም የሚያስቸግር አለ፣ አሁንም ትዕግስታችን የሚያልቅበት ምሽት አለ።

ልጁ ቤት ሄድን። እናቱ ቡና አፈላች። ፊቷ ላይ ልጁን «መታንህ፣ አጥፍተናል፣ ዐፍው በለን» አልነው። እናቱ ደነገጠች፤ ኡስታዝ ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይታ አታውቅም። ልጁ ስኒውን እያየ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ዐፍው ብያለሁ» አለ። በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል ብለን ጠብቀን ነበር፤ አልመጣም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሐሙስ ማታ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ሒፍዙን ከተወበት አልቀጠለም፣ ከመጀመሪያው ነው የጀመረው። ሲሳሳት አንዳንዴ አሁንም እጃችንን ያያል። ባዶ መሆኑን ያረጋግጥና ይቀጥላል።

ከእርሱ በፊት የወጡም አሉ። አንዱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ ገበያ ላይ ሲያየን ፊቱን ያዞራል። እርሱን ወርዶ ያነሣው አልነበረም። ሰላምታችንን እስኪመልስልን ድረስ ሰላም ማለታችንን አናቆምም፣ ኢንሻአላህ።

እናንተ ወጣቶች ሆይ! ሰርከስ መማር የምትፈልጉ ሦስቱን የሸኻችንን ጥያቄ ያዙና ሂዱ። ሰላታችሁን ጠብቁ፣ ልብሳችሁን ጠብቁ፣ አካላችሁን ጠብቁ። ያልተስተካከለ ነገር ካያችሁ ከመሸሻችሁ በፊት በአደብ ተናገሩ፤ እኛ እንዳየነው ብዙው በመነጋገር ይስተካከላል። ቤታችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ካልሲ ውስጥ ማሽላ ሙሉና አልጋ ፊት ቁሙ፤ ለመልቀም አታጎነብሱም።

በመድረሳና በትምህርት ቤት የምታስተምሩ ወንድሞቻችንም፣ ልጁ ፊታችሁ ሲንተባተብ ከማን ፊት እንደማይንተባተብ ፈልጉ። ሄዳችሁም እዩ። እኛ ልጅ ልናወጣ ሄደን ነው የወጣነው።

አላህ የሰበርነውን ይጠግንልን፤ ለልጆቻችን ከእጃችን ኸይርን ብቻ የሚያዩ ያድርጋቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።